ቀንዳሞቹ ካርዶች

ልጄ አዲስ የመጫወቻ ካርድ ፓኬት ሲቀድ የሚወጣው የቀለም ሽታ እናቴን ያመጣብኛል። ደስ እያለኝ አይደለም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው አፓርታማችን ወለል ላይ ስድሳ ካርዶቼን ዘርግቼ አንዱን ሳስወጣ ሌላውን ሳስገባ ስንት ሳምንት ፈጀሁ። በመጨረሻ ዴኬን፣ የምወዳደርበትን የካርድ ስብስብ፣ ያስተካከሉልኝ ቀንዳም ጭራቅ የተሳለባቸው አራት ካርዶች ነበሩ። ቅዳሜ እናቴ ለካርድ ውድድር ዩለስ ወደሚባለው ከተማ ወሰደችኝ።

ገና በመጀመሪያው ዙር ካርድ ስስብ የማርያም ሥዕል ወጣ። እንደ ሌሎቹ በላስቲክ ተሸፍኗል። ተጋጣሚዬ ሳቀ። ዳኛው ዴኬን ገልብጦ ቆጠረ፤ ቀንዳሞቹ የሉም፣ በቦታቸው አራት ሥዕል ገብቷል። ዴክሽ ስድሳ ካርድ መሙላት አለበት ብሎ ከውድድሩ አስወጣኝ።

"ማሚ፣ ዋይ? ካርዶቼን ምን አደረግሻቸው?" አልኳት ፓርኪንጉ ላይ በቆመው መኪናችን ውስጥ።

"ቀደድኳቸው፤ ሰይጣን ናቸው። ማርያም ትርዳሽ ብዬ ነው።" ከዚያ ዓይኗን ከመሪው ሳታነሳ፣ "እኔ ሸሽቼ ያመለጥኩት ነገር ልጄ እጅ አይገባም" አለች።

ከምን እንዳመለጠች አልጠየቅኳትም። ሥዕሎቹን በመስኮት ወረወርኳቸው። ወርዳ ፓርኪንጉ ላይ እያጎነበሰች ለቀመች፤ ሦስቱን ብቻ አገኘች። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ቀን ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

"ማሚ፣ ይሄን ዴኬ ውስጥ ላስገባው?" ይለኛል አሁን ልጄ፣ አንድ ቀንዳም ካርድ እያቀበለኝ።

"አስገባው" እላለሁ። እጄ ግን ካርዱን አልለቅም ይላል።