ባለ አንድ ክንፉ ቀፎ

ልጅ እያለሁ ልደት ያላቸው ጌታና ጃንሆይ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። የጌታን በገና እናከብራለን፤ የጃንሆይን ደግሞ በሐምሌ ዝናብ እየበሰበስን ተሰልፈን እንዘምርለታለን። እንደ እኔ ያለች ልጅም የተወለደችበት ቀን እንዳላት የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ አያቴን መቼ እንደተወለድኩ ብጠይቃት "ግራዋ ሲያብብ" አለችኝ። መቱ ውስጥ ግራዋ ካበበ ደግሞ ወር ሙሉ አበባ ነው። ወር ሙሉ የእኔ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ኖርኩ፤ ዳዊት እስኪመጣ ድረስ።

ያሳደጉኝ አያቶቼ ናቸው። እናቴ ቡሬ ባል አግብታ ስትሄድ ለእነሱ ሰጥታኝ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ አያቴን አኮ፣ ወንድ አያቴን አካኮ እላቸዋለሁ። አካኮ ጠላት ከወጣ ወዲህ ጠመንጃቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ከቡናና ከንብ ጋር የሚውሉ ሰው ነበሩ። ልብሳቸው ሁልጊዜ ሰምና ጭስ ጭስ ይላል። እስካሁን ድረስ ያ ሽታ ድንገት ከሸተተኝ ዞር እላለሁ።

አካኮ ቀፎ ሲሠሩ ቀርከሃውን ይሰነጥቁና በሐረግ ጠፍረው በኮባ ቅጠል ይሸፍኑታል። ሲያልቅ ወይራና ሽታ ያለው ቅጠል አጭሰው ያጥኑታል፤ ንብ ያልታጠነ ቀፎ አይገባም። ሲያጥኑትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የአንድ ሰው ስም ይጠሩበታል። "የእገሌ ዕድል" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ቀፎው የዚያ ሰው ነው፤ ስሙ አይቀየርም። አኮ ቀፎ አላት፤ እናቴም አላት፤ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የሚሠራው አጎቴ ጋሼ ታደሰ እንኳ አለው። ልጅ ግን የወተት ጥርሱን ሳይጨርስ ቀፎ አይሰቀልለትም። እኔ ጥርሶቼን በምላሴ እየነቀነቅሁ ስጠብቅ ቆይቼ በዚያ ዓመት የመጨረሻዋ ወለቀችልኝ። አካኮ አፌን ከፍተው አዩና "እንግዲህ ዘንድሮ ያንቺ ነው" አሉኝ። ቀፎውን ጀመሩት። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ሐረጉን እያቀበልኩ አብሬ ሠራሁ።

የአጎቴ ሚስት እትዬ ዘውዴ ልጇን ዳዊትን ይዛ የመጣችው ቀፎው ሊያልቅ ሲል ነው። ጎሬ ሜዳ ላይ በአውሮፕላን ወርደው በጂፕ መቱ ገቡ። ዳዊት ነጭ ካልሲና የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገ፣ የፊት ጥርሶቹ ገና ያልተነቀነቁ ልጅ ነበር። እኔ አውሮፕላን የማውቀው ከታች ሆኜ አንጋጥጬ ነው፤ እሱ ግን ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ መጣ። ጠላሁት። የዚያኑ ዕለት አኮ ጎን የምተኛበትን ቦታዬን ሰጡት፤ እኔ እግርጌ ተኛሁ።

በማግስቱ እትዬ ዘውዴ ለአያቶቼ ነገሩን አስረዳቻቸው።

"ከጥምቀት በኋላ የዳዊት ልደት ነው። አሁን አዲስ አበባ የልጅ ልደት ዝም ተብሎ አይከበርም፤ አንድ ነገር ይመረጥለታል። አምና ባቡር ነበር። ዳቦውም ባቡር፣ የልጆቹም ቆብ ባቡር። ዘንድሮ አውሮፕላን ካልሆነ ብሏል።"

አኮ አካኮን አየቻቸው። አካኮም ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። አካኮ ግን ዳዊት ፊት ተንበርክከው "ክንፉ ምን ያህል ነው? እስቲ አሳየኝ" አሉት። ዳዊት እጆቹን ዘረጋ፤ አካኮም በስንዝር ለኩት። እኔን እንደዚያ ተንበርክከው ለክተውኝ አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሁሉ የአውሮፕላን ሆነ። አኮ በኮባ የምትጋግረውን ዳቦ አውሮፕላን ለማስመሰል ሊጡን ስታድቦለቡል ዋለች፤ መጀመሪያ የወጣው ዶሮ ይመስል ነበር። ዳቦው ላይ ሻማ ይሰካል ሲሏት ደነገጠች፤ ለእሷ መብራት የሚበራው ለታቦት ነው። ሆኖም ከአካኮ ሰም ትንንሽ ጧፍ እያማተበች ጠመዘዘች። እሷ ለጥምቀት ቀሚስ ስፊልኝ ስላት ዓይኔ ደከመ ያለች ሴት ናት። ያን ጊዜ ግን ዓይኗ አልደከመም።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀፎዬን ግቢው መሐል አግኝቼ በግራና በቀኙ የቀርከሃ ክንፍ ተሰክቶበት ማየቱን ነው። አካኮ ኋላው ላይ ጭራ እያሰሩለት ነበር።

"አካኮ፣ ይሄ የእኔ አይደለም እንዴ?"

"ነው፤ ግን ጊዜ የለንም፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ላንቺ ሌላ እሠራለሁ።"

ዳዊት ቀፎዬን እየዳበሰ "አውሮፕላኔ" አለ። እራት አልበላሁም። አኮ ብርድ ነው ብላ ጦስኝ አፈላችልኝ።

የልደቱ ቀን አካኮ አውሮፕላኑን ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ላይ በገመድ አንጠለጠሉት። ነፋስ ሲነካው በእርግጥ የሚበር ይመስላል። የሰፈሩ ልጆች የወረቀት ቆብ ደፍተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ቩቩ እያሉ ዙሪያውን ይሮጣሉ። እኔ ቆቡን አልደፋም ብዬ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዳዊት ጧፎቹን እፍ ሲል እልል ተባለ። አኮ ከሁሉ በላይ አስረዝማ እልል አለች፤ እሱም ቆጨኝ።

ዳቦው ሊቆረስ ሲል ከሩቅ እምምም የሚል ድምፅ መጣ።

"አውሮፕላን! አውሮፕላን መጣልኝ!" ብሎ ዳዊት ዘለለ። ሁሉም አንጋጠጠ። ለልደቱ እውነተኛ አውሮፕላን ካስመጡለትማ እናቴ ጋ ቡሬ ነው የምሄደው ስል አሰብኩ። ሰማዩ ላይ ግን ምንም የለም። ድምፁ እየቀረበ፣ ከግራዋው ወዲያ ቡናማ ደመና ብቅ አለ።

"ካኒሳ!" ብለው ጮሁ አካኮ። "ንብ ነው! ማንም እንዳይሮጥ! ማንም እጁን እንዳያወናጭፍ!"

እትዬ ዘውዴ ቆቧን እንደደፋች ሮጣ ቤት ገባች። ሌሎቻችን መሬት ላይ ቁጭ አልን። መንጋው በራሳችን ላይ አልፎ፣ ዋንዛውን አንዴ ዞሮ፣ አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። አንድም ሰው አልተነደፈም።

ጎረቤቶቹ እንደገና እልል አሉ። "በልደቱ ቀን መንጋ ገባለት! ምን ያለ ዕድለኛ ልጅ ነው!" ተባለ። ንቦቹም ሳይቀሩ ከአዲስ አበባ የመጣውን ልጅ መረጡ ማለት ነው። እንባዬ መጣ።

አኮ ግን እልልታውን አቋርጣ አካኮን አፍጥጣ ታያቸው ጀመር።

"የታደሰ አባት፣ አጥነውታል እንዴ ይሄን ነገር?"

አካኮ እንደተያዘ ልጅ አቀረቀሩ።

"ማለዳ አጠንኩት። እጄ ለምዶብኝ። ያለቀ ቀፎ ሳላጥን ሰቅዬ አላውቅም።"

"የልጆች መጫወቻ ነው ብለው! ለመሆኑ የማንን ስም ጠሩበት?"

የንቦቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"የማንን እጠራለሁ" አሉ አካኮ። "የጫልቱን ነዋ።"

ጫልቱ እኔ ነኝ። በሰው ልደት፣ በሰው ዳቦ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ክንፍ ሰክተውበት፣ ጭራ አስረውለት፣ የዳዊት አውሮፕላን ብለውት፣ ጭሱን ሲያጨሱ ግን ከአፋቸው የወጣው የእኔ ስም ነበር።

ዳዊት ግን አለቀሰ። መሬት ላይ ተንከባልሎ "አውሮፕላኔን ወሰደችብኝ!" እያለ አለቀሰ። የእሱን ለቅሶ ስሰማ እንደ ማር ጣፈጠኝ፤ ምን ልበል፣ ጣፈጠኝ። ማምሻውን ንቦቹ ሲረጋጉ አካኮ ተንጠራርተው አንዱን ክንፍ በቀስታ አወለቁና ለዳዊት ሰጡት። ሌላውን ንብ ሰፍሮበት ስለነበር አልነኩትም። አዲስ አበባ ሲመለስ ክንፉን አቅፎ ጎሬ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ሲሳፈር፣ እኔ በአካኮና በአኮ መሐል ቆሜ በሁለት እጄ ተሰናበትኩት። እንዲህ ከልቤ ሰው ሸኝቼ አላውቅም።

ባለ አንድ ክንፉ ቀፎ ዋንዛው ላይ ብዙ ዓመት ማር ሰጠኝ። አያቶቼ ግን ዳዊት ሌላ ጊዜ ሳይመጣ፣ ሊጠይቃቸው ዛሬ ነገ ሲል፣ ተከታትለው ሞቱ።

አምና ዳዊት ለልጅ ልጁ ልደት ጠራኝና ከመቱ አዲስ አበባ ሄድኩ። አሁን እሱም ሸምግሏል፤ የፊት ጥርሶቹም የሐኪም ናቸው። አዳራሹ አውሮፕላን በአውሮፕላን ነው፤ ፊኛውም፣ ሳህኑም፣ ኬኩም። ሁሉም ተገዝቶ የመጣ ነው፤ ዶሮ የሚመስል አንድም የለም። አውሮፕላን ይሁን ያለው ሕፃኑ ይሁን ዳዊት አልጠየቅሁም። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ልጆቹን ያይ ጀመር።

"ስንት ዓመት ቀንቼብሻለሁ መሰለሽ" አለኝ።

"ያ ቀፎ እስካሁን አልወጣልህም?" አልኩት እየሳቅሁ።

"የምን ቀፎ! ያን ቀን ጎሬ በመስኮት አየኋችሁ። አንቺ መሐላቸው ቆመሻል። እኔ ስሄድ አንቺ ከእነሱ ጋር ወደ ቤት ልትመለሺ ነው። እኔ እኮ ያገኘኋቸው ለዚያች ልደት ብቻ ነው፣ ጫልቱ።"

ያን ሁሉ ዓመት የማር ጣዕም የነበረው ለቅሶው አፌ ውስጥ መረረ። ኬኩ ሲቆረስ ተነሣሁና ልጆቹን አልፌ አንዱን ክንፍ ለዳዊት አመጣሁለት። ሌላኛውንም ጨመርኩለት።