አሥራ ዘጠኝ አውድማ

ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ የፈሪ ሰው ወሬ ነው።

ታኅሣሥ ወር ላይ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እያንቀላፋሁ ነበር። ኬላ ላይ አስወረዱን። ወታደሩ የሌላውን ዕቃ ነካ ነካ እያደረገ አለፈና የኔ ቦርሳ ላይ ሲደርስ ቆመ። ካርታውን አውጥቶ መሬት ላይ ዘረጋው። ጓደኛውን ጠራ፤ ጓደኛው ደግሞ አለቃውን ጠራ። ሚኒባሱ ሌሎቹን መልሶ ጭኖ ሄደ። መታጠፊያው ጋ ደርሶ እስኪሰወር ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ካርታው ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ሥራዬ የኤሌክትሪክ ኃይል ዕቅድ ነው። አገሪቱ በውኃ፣ በፀሐይና በነፋስ ኃይል ብቻ የምትኖርበትን፣ የካርቦን ልቀቷን ወደ ዜሮ የምታወርድበትን ዕቅድ ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ሲወራ ትልቅ ነገር ይመስላል፤ የኔ ድርሻ ግን አንዲት ጥያቄ ነበረች። በበጋ የግድቦቹ ውኃ ሲጎድል የሚተካው ነፋስ የት አለ?

ለዚያ ሁሉ የወገራ ደጋ የነበረን የነፋስ መለኪያ ምሰሶ አንድ ነው። ስለዚህ ገበሬዎቹን ጠየቅሁ። ገበሬ አውድማውን የሚጥለው ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ነው፤ ነፋስ ካልመጣ እህሉ ከገለባው አይለይም። «አንድ ክምር ሳይመሽ ለማናፈስ ስንት ሰው መንሽ ይይዛል?» እላቸዋለሁ። ሦስት ሰው ከበቃ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው ካስፈለገ ደካማ ነው። ነፋሱ የሚነሳበትን ሰዓትም ይነግሩኛል። እንዲህ እያልኩ አሥራ ዘጠኝ አውድማ ዞርኩ። ምሰሶው ካለበት አጠገብ ያለውን አውድማ ከመለኪያው ጋር ባስተያየው ልክክ አለ፤ ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር።

ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? ካርታው ላይ ቦታ እንዳይጠበኝ ብዬ ማናፈስ የሚለውን ነገር ጨርሶ አልጻፍኩም። የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ ቁጥር አራት፣ ሸንተረሩ ላይ፣ ሦስት ሰው፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ። ቁጥር አምስት፣ ገደሉ አፋፍ፣ አሥራ ሁለት ሰው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ተኩስ በሚሰማበት አገር፣ እንዲህ ያለ ካርታ ይዤ በመኪና እሄዳለሁ። የሰው ስም ደግሞ የለበትም። ገበሬዎቹ «የጠየቅኸንን እንነግርሃለን፤ ስማችንን ግን ወረቀት ላይ አታውለው» ብለውኝ እሺ ብዬ ነበር።

ያሰሩኝ ክፍል ጎንደር ከተማ ውስጥ ነው። ድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ ይመስለኛል፤ ከወለሉ የረጠበ ጆንያ ሽታ ይወጣል። መስኮቷ በቆርቆሮ ተመትታለች። አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ካቦው፣ ማለትም የመኝታ ቦታ የሚያድለው የክፍሉ አለቃ፣ ባጃጅ ነጂ ነበር። «አንድ ጥያቄ ብቻ ልንጠይቅህ ነው ብለው ነው ያመጡኝ» አለኝ የገባሁ ዕለት። ከመጣ አራተኛ ወሩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ጋ ቀረብኩ። እንደሚወራው ያለ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ጥፍሩን በንጽሕና የያዘ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ስለነበር ዝግታው ይበልጥ አስፈራኝ።

«ባለሙያው፣ ይህ ካርቦን የምትሉት ነገር ምንድን ነው?» አለኝ።

አስረዳሁት። ስለ ጭሱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ግድብ በበጋ እንዴት እንደሚጎድል፣ ምላሴ እየተሳሰረ ሁሉንም ነገርኩት። ጸሐፊው ሥር ሥሬ ይጽፋል። መርማሪው ሳያቋርጠኝ ሰማኝና ጣቱን ቁጥር አምስት ላይ አሳረፈ።

«ገባኝ። እና እነዚህ አሥራ ሁለት ሰዎች ካርቦን ናቸው?»

ጸሐፊው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የማፍርበት ሳቅ ነው።

አውድማ ነው፣ አልኩት። አውድማ ከሆነ ባለቤት አለው፣ አለ። አንድ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደኔ ገፋ አደረገ። «የአሥራ ዘጠኙንም ስም ጻፍ። ጠርተን እንጠይቃቸዋለን። እውነትህን ከሆነ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ትገባላችሁ። ከሰዓት በኋላ አስጠራሃለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ አይደለሁም የምጠይቅህ።»

ክፍሉ ውስጥ ተመልሼ ጥግ ይዤ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ፈሪ ምክንያት አያጣም። ሰዎቹ ምን አጥፍተዋል? ንጹሕ ናቸው። ንጹሕ ሰው ተጠይቆ ይመለሳል። እኔ ልጆች አሉኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ስም ጻፍኩ። ሁለተኛው ቀለለኝ። ሦስተኛውን ሳላስብ ጻፍኩት።

በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ገፍተው አስገቡ።

ቁጥር አራት ናቸው። የሸንተረሩ አውድማ ባለቤት። ቤታቸው ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ፤ የደረስኩ ዕለት፣ እምቢ ብላቸው ቁጣ ቁጣ ብሏቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው እግሬን ያጠቡኝ ሰው ናቸው። በእኔ ምክንያት ይዘዋቸው የመጡ መሰለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ካቦው ቦታ ለቀቀላቸውና «አያ፣ በምን ነው የመጡት?» አላቸው።

«እኔስ ምን አውቄ ልጄ። ገበያ በግ ልሸጥ ወጥቼ አፈሱን። በጉም እዚያው ቀረ።»

ከኔ ጋር የሚያያይዘው ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ሁሉ ወደየወሬው ሲመለስ ቀስ ብለው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምነው፣ ዞርክብኝ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አያ፣ እንደማያውቁኝ ይሁኑ። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«እሺ» አሉ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ያለውን ወረቀት አዩት። ዳዊት የደገሙ ሰው መሆናቸውን ረስቼ ነበር። ልሸፍነው ስል ዘግይቻለሁ፤ ዓይናቸው ከመጀመሪያው ስም እስከ ሦስተኛው ወረደ፤ ከሦስተኛው በታች ያለውን ባዶ ቦታም አዩት። ቀጥሎ የሚጻፈው የማን ስም እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል።

«የሦስተኛው ሚስት አራስ ናት» አሉኝ።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለሽንት ተራችን ሲደርስ ወረቀቱን በጫጭቄ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። አሁን የምሰጠው ነገር የለኝም፣ ምን ያደርጉኛል፣ ይህን ብቻ ነበር የማስበው።

ከሰዓት ተጠራሁ። መርማሪው እጁን ለወረቀቱ ዘረጋ። አልጻፍኩም አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለበረኛው ምልክት ሰጠ። በረኛው ወጥቶ ሲመለስ ሽማግሌውን ይዞ መጣ። የዚያን ዕለት ካርታው ላይ ካለው አገር የገቡት እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው ያስመጣቸው።

«እኚህን ሰው ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

ለእርሳቸው ብዬ ነው ያልኩት። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን፣ አውቃቸዋለሁ ካልኩ የሚመጣብኝን ፈርቼ ነው። ሁለቱን እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

መርማሪው ወደ እርሳቸው ዞረ። «አባት፣ እርስዎስ?»

ሽማግሌው አዩኝ። በትራቸውን ስለወሰዱባቸው እጃቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው ነበር። እርሳቸውም ፈርተው ነበር።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «ቤቴ በልቶ፣ ቤቴ አድሮ ነው የሄደ። እንግዳዬ ነው። ሸጋ ልጅ ነው፤ አሁን ፈርቶ ነው አላውቅም የሚል።»

መርማሪው ካርታውን አዞረላቸው። ምን እንደጠየቅኋቸው፣ ምን እንደመለሱልኝ እንዲናገሩ አዘዛቸው። ሽማግሌው ነገሩት። መንሽ የያዙ ይመስል ሁለት እጃቸውን አንድ ላይ ጨብጠው ወደ ላይ አነሱ፤ ነፋሱ በግራ ጆሯቸው በኩል እንደሚመጣ፣ ገለባው የት እንደሚወድቅ፣ ፍሬው የት እንደሚቀር በእግራቸው ወለሉ ላይ አሳዩት። ጸሐፊው መጻፉን ተወ። «እኛም አገር እንዲሁ ነው» አለ። መርማሪው ቀና ብሎ ሲያየው እንደገና አቀረቀረ።

«የቀሩት አሥራ ስምንቱስ የማን ናቸው?»

«የኔው ወሬ ናቸው። የማን አውድማ ስንት መንሽ እንደሚፈልግ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁበት አገር ነው። ሁሉንም የነገርኩት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ከኔ ሌላ ያናገረው የለም።»

ውሸት ነው። አንድ በአንድ ዞሬ አናግሬያለሁ፤ እርሳቸውም ያውቃሉ።

«ይምላሉ?»

ሽማግሌው ትንሽ ቆዩ። በዚያች ጊዜ ከኔ ይልቅ ለእርሳቸው ፈራሁ። መማል ለእኔ ዓይነቱ ሰው አፍ ማሞቂያ ነው፤ ለእርሳቸው እንዳልሆነ ያቺን መቆየታቸውን አይቼ አወቅሁ።

«ማርያምን» አሉ። «ጻፍ። የኔን ስም ጻፍ። ነፋሱን እንደሆነ የሚወስደው ካለ ይውሰደው፤ ለሁሉም ይበቃል።»

የእርሳቸው ስም ተጻፈ። እኔ በአሥራ አንደኛው ቀን ተለቀቅሁ፤ ካርታው ቀረ። እርሳቸው የተፈቱት የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ገብሳቸው ሳይናፈስ ክምር ላይ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ጎረቤቶቻቸው በደቦ አስገቡላቸው አሉ። ከጎረቤቶቹ መካከል ያ ሚስቱ አራስ የነበረችው ሰው ነበረበት።

ዕቅዱ ከዚያ ወዲህ ታትሟል። ጥሩ ወረቀት፣ ባለ ቀለም። የወገራ ደጋ ሲደርስ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ኬላ ላይ ውረዱ ሲባል ላብ ያጠምቀኛል፤ የያዝኩት የቤት ቁልፍ ብቻ ቢሆንም።

ልጠይቃቸው የሄድኩት በሰኔ ጾም ነው። ከዚያ በፊት አቅም አልነበረኝም። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝና ወደ ቤት ዘወር ብለው «ኑ እዩት፣ የማያውቀኝ ሰውዬ መጣላችሁ» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ቁጭ እንዳልን በሐሰት መማላቸውን ለነፍስ አባታቸው እንደተናዘዙ ነገሩኝ። «መቶ ስግደት አዘዙኝ። ሃምሳውን ጨርሻለሁ። ሃምሳው ያንተ ነው።»

«አያ፣ ነፍስ አባትዎ ያውቃሉ?»

«እሳቸው ስገድ አሉ እንጂ ብቻህን አላሉም።»

የቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ ነጠላቸውን አንስተው ቀድመውኝ ወጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ሣሩ ርሶ ነበር። እርሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይቆጥራሉ፤ እኔ እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ። ጭቃው እስከ ግንባሬ ደረሰ። ሃያ ስምንት ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ተደፍቼ ቀረሁ። እያለቀስኩ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«አሁንስ ታውቀኛለህ?» አሉኝ ከወደ ድንጋዩ።

«አውቅዎታለሁ፣ አያ።»

ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቁኝ።

«ሃያ ዘጠኝ» አሉ።