የክዳኑ ሁለት ሚሊ ሜትር

ሚኒያፖሊስ ዳር ባለ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲኒየር ፕሮዳክሽን ኢንጂነር ነኝ። ሥራዬ ሲጠቃለል፣ ላሜራ የት ተቆርጦ የት እንደሚታጠፍ በወረቀት ላይ መወሰን፣ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ለምን እንዳልሆነ በሌላ ወረቀት ላይ ማብራራት ነው። ሁለተኛው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይረዝማል።

ማጠፊያ ማሽኑ ላይ የሚሠሩት አንድ ያገሬ ሰው ናቸው። ስድሳዎቹን አጋምሰዋል፤ አዲስ አበባ ሳሉም ሥራቸው የብረት በርና መስኮት ነበር። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ሰው ፊት "ኢንጂነር"፣ ሰው በሌለበት "ልጄ" ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት ለኤሌክትሪክ ሳጥን የሚሆን ክዳን ነደፍኩ። ጋሼ ማጠፍ በጀመሩ በሳምንቱ የጥራት ተቆጣጣሪዋ ቅጽ ይዛ ቢሮዬ መጣች፤ የክዳኑ መታጠፊያ ከንድፉ ሁለት ሚሊ ሜትር ይለያል። ወይ "ይጣል" ብዬ ጥፋቱን በሠራተኛው ስም አስመዘግባለሁ፣ ወይ "ባለበት ይለፍ" ብዬ እፈርማለሁ። ጋሼ በበረዶ ምክንያት እያረፈዱ ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረባቸው። ሦስተኛው ከሥራ ያስወጣል። ክዳኑ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ሲሞከር ልክክ ብሎ ገጠመ። ፈረምኩ።

በሚቀጥለው ሰኞም መጣች፤ ፈረምኩ። ስምንት ወር ሙሉ ሰኞ ሰኞ ፈረምኩ። ከንድፉ የተለየ ክዳን በየሳምንቱ ልክክ ብሎ ሲገጥም ያየ ኢንጂነር ንድፉን መጠርጠር ነበረበት። እኔ የጠረጠርኩት የጋሼን ዐይን ነው። ወረቀት ሲያነቡ አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጉ ነበር። ሄጄ "መታጠፊያው ልክ አይደለም" ማለት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ግን በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው፣ ያውም ባለሙያ፣ ምን ብዬ ላርም? ይሉኝታ ያዘኝ።

ማሽኑ አጠገብ ሳልፍ "እንዴት ነው ጋሼ፣ ሥራው ተመቸዎት?" እላለሁ።

"ያንቺ ድሮዊንግ እያለ ምን ይቸግረኛል" ይሉኛል።

አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር በደግነቴም ትንሽ እኮራ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳገኛቸው፣ ያለ እኔ ምን ይውጣቸው ነበር እያልኩ በሆዴ፣ ዝቅ ብዬ ሰላም እላቸው ነበር።

ከዚያ ጋሼ ለዐይን ሞራ ኦፕራሲዮን የሕመም ፈቃድ ወሰዱ። አላልኩም? አልኩ ለራሴ። በቦታቸው ሌላ ሠራተኛ ገባ። ንድፉን አነበበ፣ እንደ ንድፉ አጠፈ። ሁለት መቶ ክዳን ሠራ፤ የጥራት ተቆጣጣሪዋ አንድም ቅጽ አላመጣችም። አንዱም ክዳን አልገጠመም።

ወደ ስሌቴ ተመለስኩ። ክዳኑ የሚሠራው ከሦስት ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው፤ እኔ ያሰላሁት በሁለት ነው። ስህተቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የእኔ ነበር፤ ጋሼ በየቀኑ ሲያስተካክሉልኝ ከርመዋል።

ማናጀሩ ይህን አላወቀም። ሁለት መቶው ክዳን ለምን እንዳልገጠመ ሲያጣራ ያገኘው እኔ የፈረምኳቸውን ቅጾች ነው። "ሰውየው ስምንት ወር ሙሉ ለማንም ሳይናገር ከንድፍ ውጭ ሠርቷል። ይህ ያስባርራል። ምክንያቱን ጽፈሽ ነገ ጠዋት አምጪልኝ" አለኝ። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ካረቀቁት አንዷ እኔ ነኝ።

ከሥራ ወጥቼ ብርቱካንና ጭማቂ ገዛሁና ክሪስታል በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ለማንኛውም መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ዐይናቸው ተሸፍኗል። "እግዜር ይማርዎት" ብዬ ተቀመጥኩ፣ ስለ አየሩ ጥቂት አወራን፣ ከዚያ "ጋሼ፣ የክዳኑ ድሮዊንግ ልክ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር?" አልኩ።

"በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ሳጥኑ ላይ ትራይ አደረግሁት፣ እምቢ አለ። ሁለት ሚሊ ገፋሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ፈረንጆቹ ኢንጂነር ብለው ሲጠሩሽ ደስ ይለኛል። ለሁለት ሚሊ ብዬ ላዋርድሽ? ግን ኳሊቲዋ አላየችውም?"

"አይታዋለች። እኔ እየፈረምኩ አሳልፈው ነበር።"

"ምን መስሎሽ?"

ሳላስበው የተሸፈነውን ዐይናቸውን አየሁት። እሳቸውም ሳየው አዩኝ።

"የታመመው ዐይኔ ነው፤ እጄ መቼ ታመመ?" አሉ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከፍ ቢያደርጉት ይሻለኝ ነበር። እሳቸው እኔን ሲያከብሩኝ እኔ ሳዝንላቸው ነው የከረምኩት። አፈርኩ።

ማናጀሩ ያለውን ነገርኳቸው። አሰብ አደረጉና "እንግዲያው ጥፋቱን በእኔ ላይ ጻፊው። እኔ ዕድሜዬን ሠርቻለሁ፤ አንቺ ገና ነሽ" አሉኝ። ከልባቸው ነው። ለአንድ አፍታ ቀለል እንዳለኝ አልደብቅም። ከዚያ ላፕቶፔን አውጥቼ እዚያው ሶፋቸው ላይ ሪፖርቱን ጻፍኩ። ምክንያት፣ የንድፍ ስህተት። ተጠያቂ፣ እኔ።

ስጨርስ "እስቲ አንብቢልኝ" አሉ። እንግሊዝኛውን እንዳለ አነበብኩላቸው። ስሌቱን ዝም ብለው ሰሙ። ማስጠንቀቂያው የሚገባው ለእኔ ነው ያልኩትንም ዝም ብለው ሰሙ። ሠራተኛው በስምንት ወር ውስጥ ያጠፈው እያንዳንዱ ክዳን ትክክል ነበር የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ይቺን ድገሚያት" አሉ።

ደገምኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡና "እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ" አሉኝ።