የሕፃኑ ሻምፖ

ጎረቤቴን ላባ ብለው ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። እጇ ራስ ላይ ሲያርፍ አይሰማም። የተቋጠረ ፀጉር ስትፈታ እንኳ «ኧረ ቀስ!» ያላት ሰው ሰምቼ አላውቅም። የሷን ፀጉር ቤትና የኔን ልብስ ስፌት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሲያጓራ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ይዋጣል፣ እሷ ስትስቅ እኔም ሳላውቀው ፈገግ እላለሁ። ቁጡ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሆነውን ሰምተው «ድሮም ነገረኛ ናት» የሚሉ ስላሉ ነው። ነገረኛው ማን እንደሆነ ሰምታችሁ ፍረዱ።

ያ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው እጅ ማንም ልብ ሳይለው እያለቀ ነበር። ቀኑን ሙሉ ማለስለሻ፣ ቀለምና ሻምፖ፤ ቤት ስትገባ ደግሞ በረኪና። መጀመሪያ ጣቶቿ መሐል ቀላ፣ ቀጥሎ ተላጠ፣ በመጨረሻ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ጓንት ታጠልቅና «በዚህማ የሰው ራስ ምን እንደሚል አይሰማኝም» ብላ ታወልቀዋለች። አንድ ቀን የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት ወደኔ መጣች።

«እስቲ ወንድምዓለም፣ ይቺን ቆልፍልኝ። ጣቴ እምቢ አለኝ።»

እየሳቀች ነው ያለችው። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

የቆዳ ሐኪሟ ቅባት ሰጠቻትና እቅጩን ነገረቻት። «ቅባቱ ያስታግስልሻል እንጂ አያድንሽም። የሚያድንሽ የምትነኪውን መቀየር ነው፤ ሥራ ቦታም፣ ቤትም።»

«ታዲያ በምን ልጠብ ዶክተር? በምራቄ?»

ሐኪሟ ስቃ አስረዳቻት። በረኪናውንና ሽቶው አፍንጫ የሚሰነፍገውን ሁሉ እንድትተው፣ ለገላዋ ሽታ የሌለው የዘይት ሳሙና እንድትይዝ፣ ለወለልና ለመስታወት ኮምጣጤ በውሃ አቅጥና እንድትጠቀም፣ ለድስት ቅባት ደግሞ ሶዳ እንደሚበቃት ነገረቻት። ላባ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ገበያ ሄደች።

ቤቷ ውስጥ የተነሳውን ጫጫታ በየጠዋቱ ስትተርክልኝ ሥራ እፈታ ነበር። ባሏ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው፤ ጨዋታ አዋቂ። የመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍቶ አሸተተና «ይቅርታ፣ ቤት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሰላጣ ውስጥ ነው የገባሁት» ብሎ ሊመለስ ሆነ። አማቷ ግን አልሳቁም። አብረዋቸው የሚኖሩ፣ በንፅህና የማይታሙ ሴትዮ ናቸው። «ንፁህ ቤት ማለት ገና ከደጅ አፍንጫን ሲመታ ነው» ባይ ናቸው። «ልጄ፣ ሰው ቢመጣ ምን ይላል? መፀዳጃ ቤታቸውን በአቼቶ አጠቡት ይበለን?»

ላባ ስትወጣ አማቷ ደብቀው ያስቀመጡትን በረኪና አወጡና ገና ከኮምጣጤው ያልደረቀው መፀዳጃ ላይ ገለበጡት። በረኪናና ኮምጣጤ አይዋደዱም ለካ። ባሏ ምሳ ሊበላ ሲገባ እናቱን ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈው፣ እንባቸው እንደ ምንጭ እየፈሰሰ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው አገኛቸው። መስኮቱን ሁሉ ከፋፍቶ በረንዳ ላይ አወጣቸው። ሲሻላቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «ለሚስትህ እንዳትነግራት» የሚል ነበር። ነገራት እንጂ! እሳቸው በማግስቱ በረኪናውን ራሳቸው አውጥተው ሰጧት። «ውሰጂልኝ፣ ይሄ እቃ ጠላት ነው» አሏት። ከዚያ በኋላ ኮምጣጤ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጮኹት እሳቸው ሆኑ።

ቤቱ በዚህ መልኩ ተቃና። የላባም እጅ ትንሽ ፋታ አገኘ። የቀረው ፀጉር ቤቱ ነው፤ መከራው የመጣውም በዚያ በኩል ነው።

አረንጓዴው የምንለው ሰውዬ እቃ አከፋፋይ ነው። ሸሚዙ አረንጓዴ፣ የጭነት መኪናው አረንጓዴ፣ ጠርሙሶቹ አረንጓዴ፣ በያንዳንዱ ላይ ደግሞ ቅጠል የተሳለበት ወረቀት ተለጥፏል። «ከተፈጥሮ ብቻ» ይላል። አፉ ማር ነው። ላባ እጇን ስታሳየው ራሱን እየነቀነቀ «አይ እቴ፣ ይሄን ያህል ዘመን በመርዝ ስትጫወቺ? ልጆቼን የማጥበው በዚህ ነው» አላት። ልጆቹን! እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

አመነችው። ለምን አታምነው? የሚፈልጉትን የሚነግር ሰው እንደ ዘመድ ነው። የድሮውን እቃዋን በካርቶን ሰብስባ አስወገደች፣ ማለስለሻ መሥራቷን አቆመች፣ መደርደሪያዋን በአረንጓዴ ሞላች። ማለስለሻ ፈላጊዎቹ ደንበኞች ፊታቸውን አዙረው ወደ ሌላ ሄዱ፤ እሷ ግን ልቧ ሙሉ ነበር። ለቀሩት ደንበኞቿ እንደ ሰባኪ ትናገር ጀመር። «እኔን እዩኝ፣ እጄን እዩት፣ እናንተ እንደኔ ከመሆናችሁ በፊት ቀይሩ» ትላለች። ከተቀየሩት አንዷ ከኛ ማዶ ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ገና የወለደች። አረንጓዴው «ለሕፃናት» የሚል ትንሽ ጠርሙስ አምጥቶ ስለነበር ላባ ያንን በእጇ ሰጠቻት። «አደራ፣ ለልጅሽ ሌላ ነገር እንዳትነኪበት» ብላ።

ልጅቷ ከጥቂት ቀን በኋላ ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። ደንበኛ ተቀምጧል፣ ካስኩ ይጮሃል። የሕፃኑን ኮፍያ አወለቀች። ግንባሩና ጭንቅላቱ በእሳት የተለበለበ ይመስል ቀልቷል፤ ከጆሮው ጀርባ ቆዳው ተልጦ ውሃ ያዣል። ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ ደክሞታል። ልጅቷ ጠርሙሷን መስታወቱ ፊት አስቀመጠችና «እትዬ፣ አምኜሽ እኮ ነው» ብቻ አለች። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ብትጮኽባት፣ ብትመታት ይሻላት ነበር።

ላባ በሩን ዘግታ ጠራችኝ። ጠርሙሷን ፍል ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነክራታለች። የቅጠሉ ወረቀት ጠርዙ ተነሳ፤ በጥፍሯ ያዘችና ሳበችው። ሥር ሌላ ወረቀት አለ። መኪና ተስሎበታል፤ የሚያብለጨልጭ ቀይ መኪና፣ በአረፋ የተሸፈነ። የመኪና ማጠቢያ! ሌላ ጠርሙስ ነከረች፣ ያው። የራሷን እጅ የምትታጠብበትንም ነከረች፣ ያው። እጇ አልድን ብሎ እንደገና መሰንጠቅ ሲጀምር «ወቅቱ ነው፣ ብርዱ ነው» ስትል የከረመችው ሴት፣ ሳፋው ላይ አጎንብሳ የተላጡትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አነበበች። ቀና ስትል ግን ያቺ የማውቃት ላባ አልነበረችም። እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳለች።

«ና፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለችኝ።

መጋዘኑ ከከተማው ዳር ነው። አረንጓዴው ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ጥግ ላይ ሦስት ሴቶች አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው ከሰማያዊ በርሜል በማንቆርቆሪያ ጠርሙስ ይሞላሉ። ከአንድ በርሜል ለሻምፖ፣ ከዚያው በርሜል ለሳህን ማጠቢያ፣ ከዚያው በርሜል ለሕፃን። የሚለየው በመኪናው ሥዕል ላይ የሚደረበው ወረቀት ብቻ ነው። ያየሁትን ነው የምናገረው።

«እንኳን ደህና መጣሽ እቴ» ብሎ ተነሳ፣ ፈገግ እንዳለ።

«ሕፃን ተቃጥሏል» አለችው። «ሕፃን ነው የምልህ! በመኪና ሳሙና!»

«ረጋ በይ። አንዳንድ ልጅ ቆዳው ስስ ነው።»

«ወረቀቱ ከተፈጥሮ ብቻ አይልም?»

«ይላል። ውሃውስ ከተፈጥሮ አይደለም?»

እንዲህ አለ! ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ማየት ለፈለገ እሱን ይይ።

«ቅጠሉስ?» አለች ላባ።

«ቅጠሉ ጌጥ ነው እንጂ መሐላ አይደለም። ደግሞ ስሚኝ፣ ሰዎቹ ከኔ አልገዙም። ያመኑት ያንቺን ፊት ነው። ከጮህሽ ጩኸቱ የሚመለሰው ባንቺ ላይ ነው። ይልቅ አዲስ ካርቶን ላስጭንልሽ፣ ይሄ ነገር እዚሁ ይቅር።»

ልናገር አፌን ስከፍት ላባ በክንዷ አገደችኝ። የሕፃኑን ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣችና ክዳኑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ወደሱ ገፋ አደረገችው።

«በል ታጠብበት።»

«ምን?»

«ፊትህን ብቻ። እዚሁ፣ እያየሁህ። ልጆቼን የማጥበው በዚህ ነው ብለኸኝ የለም? ውሃ አመጣልሃለሁ።»

ሰውዬው ጠርሙሱን አየ። ሴቶቹ መቅዳት አቁመው ዞሩ። ከመካከላቸው አንዷ አፏን የሸፈነችበትን ጨርቅ ዝቅ አደረገች፤ የሷም እጅ ያው እንደ ላባ እጅ ነበር፣ የተሰነጠቀ። አረንጓዴው እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ከጀርባው አደረገ። ከዚያ «ውጡልኝ» አለ።

ወጣን። ላባ መንገዱን ሙሉ ጠርሙስ የሸጠችላቸውን ሰዎች በጣቷ ትቆጥር ነበር። እኔ ነኝ እንደ እብድ ለብቻዬ ስሳደብ የነበርኩት።

ባሏ በዚያው ይብቃ ባይ ነበር። «ገመናሽን ራስሽ አደባባይ ታወጪዋለሽ? ሱቁ እኮ ነው የሚዘጋው» አላት። እሷ ግን ፀጉር ቤቱን ዘግታ፣ ጠርሙሱን ለሸጠችለት ሰው ሁሉ፣ በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረች «የሰጠሁሽን እንዳትነኪው፣ ውሸት ነው፣ እኔም ተታልዬ አታለልኩሽ» አለች። አንዳንዷ አቀፈቻት። አንዳንዷ በሩን በፊቷ ዘጋችው። አንዲት ለዓመታት ፀጉሯን ያበጀችላት ሴትዮ «ድሮም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ስትሸቺ ደህና እንዳልሆንሽ ገብቶኝ ነበር» አለቻት። ላባ ይቺን ስትነግረኝ በሳቅና በለቅሶ መሐል ነበረች።

ቀጥሎ ወደ ሌሎቹ ፀጉር ቤቶች ሄደች። እስከዚያ ቀን ደንበኛ የሚነጣጠቁ፣ በመንገድ ሲተላለፉ ሰላምታ የሚነፋፈጉ ሴቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ዘንድ ሳፋ አስቀርባ፣ ፍል ውሃ አስሞልታ፣ ወረቀቱን ፊታቸው ላጠችው። ሌላ ስብከት አላስፈለጋትም። አንድ ጠዋት ሁሉም ጠርሙሶቻቸውን በሳፋ፣ በካርቶን፣ በልብስ ዘንቢል ተሸክመው መጋዘኑ በር ላይ ከመሩት። አረንጓዴው መኪና መውጣት አቃተው። ባንክ የምትሠራው ልጅም መጥታ ነበር፤ ሕፃኑን አልያዘችም፣ የሐኪሙን ማስረጃ ይዛለች። ከመጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ያቺ እጇ የተሰነጠቀው ሴት ወጥታ አጠገባቸው ቆመች። ማንም አልጠራትም።

ተቆጣጣሪዎች መጡ። በርሜሎቹ ታሸጉ። እሰየው አልን። ከዚያስ? ማስጠንቀቂያ! ወረቀት ሰጥተው «ሁለተኛ እንዳይለመድህ» አሉት። በሕፃን ጭንቅላት ላይ ለፈጸመው ነገር እንደ ተማሪ ገሥጸው ለቀቁት። መጋዘኑ ጥቂት ተዘግቶ በወንድሙ ስም ተከፈተ፤ አሁን የወለል ምንጣፍ ይሸጣል ይባላል። ይባላል ነው የምለው፣ ገብቼ አላየሁም፤ ከገባሁ እጄን የምሰበስብ አይመስለኝም።

የሕፃኑ ቆዳ ዳነ። አሁን ድክ ድክ ይላል፣ ከኔ ሱቅ ገብቶ የክር ጥቅልል ይበትናል። እናቱ ለብዙ ጊዜ ፀጉሯን ሌላ ቦታ ስታሠራ ቆይታ አንድ ቀን መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ላባም ውሃውን ለብ አድርጋ የልጅቷን ራስ አጠበች። የላባ እጅ ብዙውን ተሽሎታል። ዛሬ የምትሠራበት ሳሙና እምብዛም አረፋ የለውም፣ ማሸጊያውም ውበት የለውም፤ እያንዳንዱን አዲስ እቃ መጀመሪያ የምትሞክረው በራሷ ክንድ ላይ ነው። ማለስለሻ የሚሉትን በሌላ ሥራ ታስተናግዳቸዋለች እንጂ ማለስለሻ አትሠራላቸውም። ገበያዋ እንደ ድሮው አይደለም። ቁጣዋ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። «ተይው፣ አለፈ እኮ» ሲሏት «ለሱ አልፎለታል፣ ለኔ ግን አላለፈም» ትላለች። እኔ እውነት አላት እላለሁ። ይቅር የሚባለው ይቅርታ የጠየቀ ነው።

ባለፈው ሳምንት አብረን ገበያ ወጣን። አንድ ሱቅ ገብታ ሳሙና አነሳች፣ መነፅሯን አደረገች፣ ከኋላው በደቃቁ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረች። ታነባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታሸታለች። ከኋላችን ሰው ተሰለፈ። ባለሱቁ ተቁነጠነጠ።

«እትዬ፣ ሳሙና እኮ ነው፣ ቤት አይደለም የምትገዢው።»

«ቤትማ ቢሆን ቆዳዬ ላይ አልለብሰውም» አለችው፣ ዓይኗን ከጽሑፉ ሳትነቅል። «ይሄ ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ታዲያ ሳታውቅ ለምን ትሸጣለህ?»

ከኋላችን የተሰለፈችው ሴት በላባ ትከሻ በኩል አንገቷን አስግጋ እሷም ማንበብ ጀመረች።