መሸኛ የሌለው ሰው

በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ግንበኛ ነበርኩ፤ ቤቴ ቀራንዮ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌን አትዩብኝ፤ ነገሩን ግን አልስትም።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄ በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ጠፋ። እኩዮቹ እየተለቀሙ ነበር። መጥፋቱን ለቀበሌ አልተናገርንም፤ ልጁ የጠፋበት ቤት ይጠየቃላ። ወር ሳይሞላ ደግሞ አንድ ኡጋንዳዊ የጓሮዋን ክፍል ተከራየኝ። ያመጣው ደላላ እንደነገረኝ በሀገሩ አስተማሪ ነበር፤ ወታደሮች ወንድሙን ገድለውበት፣ እሱንም ሊደግሙት ሲሉ አምልጦ መጣ። የኔ ልጅ ሸሽቶ በወጣበት አገር ይኸ ሰው ሊጠለል መጣ። ከድጡ ወደ ማጡ ብዬ ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ በምን ቋንቋ? ከአማርኛ የሚያውቀው “እሺ”ን ብቻ ነው።

ላስመዘግበው ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሠርጌን ሱሪ የሰፋው እሱ ነው።

“መሸኛውስ?” አለኝ።

“የምን መሸኛ?”

“ከነበረበት ቀበሌ ነዋ። ያለ መሸኛ ማንንም አንመዘግብም።”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰውየው ሊገድሉት ሲሉ ነው ያመለጠ። ተመልሶ ‘ስለሸሸሁ ሸኙኝ’ ይበላቸው?”

“በፖስታም ይላካል።”

የስደተኛነት ወረቀቱን አሳየሁት። አገላብጦ አየና፣ “ማኅተሙ የኛ አይደለም” ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስማኝ፣ ቅዳሜ አሰሳ አለ። በመዝገብ የሌለ ሰው ከተገኘ ፀጉረ ልውጥ ነው። እሱም ያስጠለለውም ይወሰዳሉ።”

የተወሰደ እንደማይመለስ ያኔ ሁሉም ያውቃል። ሰውየውን ላስወጣው ይሆን ብዬ አላሰብኩም አልልም። ግን እምቢ የሚል አንድ ክፉ አመል አለኝ። ለሚስቴ ነገርኳት።

“መዝገቡ ስንት ነው የሚለው?” አለችኝ።

“አምስት። እኔ፣ አንቺ፣ ሁለቱ ሴቶች፣ ልጁ።”

“ታዲያ ጎደሎም ትርፍም እኛው ቤት አይደል ያለው?”

ቅዳሜ ጠዋት ኡጋንዳዊውን የልጄን ሹራብ አለበሰችው። እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። ሰውየው አርባ ሳይሞላው አይቀርም፤ ቁመቱ ከበሩ ይበልጣል፤ መልኩም ከሰል ነው። ሹራቡን አይቶ፣ እኛን አይቶ፣ “እሺ” አለ።

ጠመንጃ የያዙ ሦስት የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ። አለቃቸው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከልጄ ጋር ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርር ነው ያደገው። ይሄኔ አበቃልን አልኩ። በረድፍ ቆምን። መዝገቡን ይዞ እየቆጠረ መጣና ኡጋንዳዊው ፊት ሲደርስ ቀና ብሎ አየው።

“ጋሼ፣ ልጁ ረዘመ።”

“ዕድሜው ነው።”

“ጠቆረም።”

“ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው።”

ወደ ሰውየው ዞረ። “አንተ፣ ትምህርት እንዴት ነው?”

“እሺ።”

“ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?”

“እሺ።”

ሁለቱ ጠመንጃቸውን አነሱ። ሚስቴ ግን ፈጠን ብላ፣ “ታላቅ ሲናገር እሺ በል ብለን ነው ያሳደግነው፣ ምን ታደርገዋለህ” አለችው።

“የናንተ ልጅ እሺ ማለት መቼ ለመደ?” አለ አለቃው። ሌሎቹን በእጁ መለሳቸው። ከዚያ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “ጋሼ፣ አንድ ሰው ቢጎድል ሪፖርት አለብኝ፣ አንድ ቢተርፍም ሪፖርት አለብኝ። አምስት ይላል፣ አምስት ናችሁ። ገና ሠላሳ ቤት ይቀረኛል” አለኝና የልጄ ስም ላይ ምልክት አደረገ።

ሊወጣ ሲል ደግሞ ጮክ ብሎ፣ “በሉ ልጁ ካለ ነገ እሁድ ከቀበሌው መንገድ ሥራ እንዳይቀር። ስም ይጠራል፤ የቀረ ይፈለጋል” አለ።

ያን ቀን ሰውየው ስለዳነ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ልጄ የት እንደወደቀ አላውቅም፣ ስሙ ግን ጓሮዬ ቁጭ ብሎ ሽሮ ይበላል። ሚስቴም ሹራቡን አውልቅ አላለችውም።

በማግስቱ በጠዋት አካፋ ለእሱ፣ ዶማ ለራሴ ይዤ መንገድ ሥራው ዘንድ ወሰድኩት። የቀበሌው ጸሐፊ ከመዝገቡ ስም ይጠራ ጀመር። የልጄ ስም ሲደርስ ሰውየው ዝም ብሎ ቆመ፤ የማን ስም እንደሆነ በምን ያውቃል። ጸሐፊው ደገመው። ሰዉ መዞር ሲጀምር ግራ እጁን ያዝኩና ወደ ላይ አነሳሁለት።