ከቀዩ በር ውጭ

አከራያችን ጃፓናዊት አሮጊት ባለቤቴን «ሳን ሆዜ ወዳለው ቤተ መቅደሳችን ልውሰዳት» ሲሉኝ በልቤ «ይኸው፣ መጣ!» አልኩ። ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር ከግቢያቸው ጓሮ ስንኖር ሴትዮዋ አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩንም፤ ይበልጥ ያስጠረጠረኝም እሱ ነበር። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ።

ልጅ ያጡ ሴቶች ከድሮ ጀምሮ የሚለምኑበት ቦታ ነው አሉ። ባለቤቴ ተስላ፣ ጠበል ጠጥታ፣ ሐኪም ቤት ተመላልሳ ደክሟት ነበር።

«ባዕድ አምልኮ ነው» አልኳት።

«ፕሊስ፣ አታካብድ። ፔሬዴ ቆይቷል እኮ፤ ምናልባት ዘንድሮ ሊሆንልን ነው። ማንም ይጸልይልኝ፣ አልጠላም።»

ቅዳሜ እኔው ነዳሁ። የሄድኩት ልጠብቃት ነው። ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥር ስትፈታ ነበር። አሮጊቷ የሆነ ነገር አስነክተዋት ይሆን ብዬ በመስታወቱ ሰረቅ እያደረግኩ አያቸው ነበር።

የቤተ መቅደሱ በር ሁለት ቀይ ምሰሶና ከላይ የተጋደመ እንጨት ነው፤ መዝጊያ የለውም። እኔ መዝጊያ የሌለው በር አላምንም። አሮጊቷ እጅ ነስተው ገቡ፤ እዚያው ካለው የውሃ ገንዳ በረጅም ጭልፋ ቀድተው እጃቸውን ታጠቡ፣ ተጉመጠመጡ። ወዲያ ማዶ ገመድ ላይ የተቋጠሩ ነጫጭ ወረቀቶች ይርገበገባሉ። ድግምት ነው፣ አበቃ!

ዞር ስል ባለቤቴ ከምሰሶዎቹ ውጭ ቆማለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን አውልቃ።

«ጎበዝ!» አልኳት ደስ ብሎኝ። «እንኳንም አልገባሽ። ጣዖት ነው።»

«እሱን ብዬ አይደለም» አለች። «ጠዋት ፔሬዴ መጣ።»

ቅስሜ ስብር አለ። እኛ ዘንድ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከደጅ ቆማ ታስቀድሳለች እንጂ ወደ ውስጥ አትዘልቅም። ጃፓኖቹ ይህን ይጠይቁ አይጠይቁ አላውቅም፤ እሷም የጠየቀቻቸው አይመስለኝም።

«እንግዲያ ወደ ቤት እንሂድ» አልኳት።

«እዚህ ድረስ መጥተን? አንተ ግባና ንገርልኝ።»

«ለማን ነው የምናገረው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ገባሁ። አሮጊቷ ጭልፋውን አቀበሉኝ፤ ታጠብኩ። ከዚያ የመቅደሱ ደረጃ ፊት ቆሜ፣ ውጭ ድረስ እንዲሰማት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በአማርኛ ለመንኩላት።