የአባቴ ወፋፍራም ፊደላት

የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ ከየትም ሲመጣብኝ፣ ድሬ መጋላ ሰፈር የነበረው ግቢያችን፣ ግድግዳ ተደግፈው የሚደርቁት ታፔላዎችና ከፊታቸው ቁጢጥ ብላ ፊደል የምትቆጥረው እናቴ ይታዩኛል። አባቴ በባቡር ጣቢያው በፉርጎዎች ላይ ቁጥርና ጽሑፍ የሚቀባ ሠራተኛ ነበር። ፉርጎ ቆሞ አያስነብብምና ፊደሎቹ ጅራትም ጌጥም አልነበራቸውም፤ ቀጥ ያሉ፣ ሦስት ጣት የሚወፍሩ ነበሩ። የ«መ»ን ሁለት ክቦች በድልህ ጣሳ ክዳን እየከበበ ሌላውን በማስመሪያ ይሠራው ነበር።

በበጋ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሲሆን፣ ለሱቆች የጻፈውን ታፔላ ወዲያ ማዶ አቁሞ እኛን ልጆቹን ወዲህ አሰልፎ ያስነብበን ነበር። አንዳችን ከተሳሳትን ጽሑፉን ፍቆ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔማ በእሱ የምኩራራው ኩራት ልክ አልነበረውም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ፣ በኦሮምኛ ያደገችው እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተመዘገበች። ክረምቱን ሙሉ ተማረች፤ ዳሩ ግን ፊደል የለየችው ከአባቴ ታፔላዎች ስለነበር፣ የመጽሐፉ ቀጫጭን ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ይተራመስባት ነበር። ጥቅምት ላይ በፈተናው አንድ መስመር እንኳ መጨረስ አቅቷት፣ መምህሩ ከሚደግሙት ጋር ስሟን ጻፈ። እናቴ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

እሷና እኔ ከፈተናው ስንወጣ፣ አባቴ ደቻቱ ዳር ላለው የትምህርት ጣቢያ የጻፈውን አዲስ ታፔላ ሰቅሎ ጨርሷል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ግን አሻቅቦ እያየ፣ የፉርጎ ጽሑፍ ነው፣ ጌጥ የለውም፣ ሌላ ሰው ይጻፈው ይላል። በዚያ ዘመን ለቀበሌ መልስ መስጠት ቀላል አልነበረምና አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

«አቦ፣ ከማዶ ሆኜ ላንብብልህ» አለችው ሊቀመንበሩን፤ ድሬ ላይ ሹምም ቢሆን «አንተ» ነው።

ሊቀመንበሩ፣ ይሄንንማ በቃልሽ ይዘሽው ነው ብሎ፣ ለአባቴ በጆሮው አንድ ነገር ነገረውና በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲጽፈው አዘዘ። ከዚያ እሱ፣ መምህሩ፣ እናቴና እኔ አሸዋውን ተሻግረን ዞር አልን። አባቴ እዚያ ማዶ በጠመኔ እያወፈረ ጽፎ ሰሌዳውን ከፍ አደረገው። 

«ታፔላው ይነሳ» ብላ አነበበች እናቴ። ከዚያም ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ፣ «አነበብኩልህ። አሁን ይነሳ?» አለችው።

ሰውየው ሳቀ፤ እንዳይነሳም አዘዘ። መምህሩም ደብተሩን አውጥቶ ስሟን ከሚያልፉት ጋር ጻፈው፤ እናቴም ትንንሹን ጽሑፍ ቀስ በቀስ ለመደችው።

ዛሬ የከተማው ታፔላ በኮምፒዩተር ታትሞ፣ ቀለሙ በዝቶ፣ ቀርቤም ቢሆን ፊደሉን ለመለየት ያታግለኛል። ዘመኑን አላማም፤ ሥራው ቀሏል፣ ባለሙያውም በዝቷል። እኔ ግን ወንዝ የሚሻገር ፊደል የሚጽፍ አባትና እሱን አንብባ ለሹም የምትመልስ እናት ነበሩኝ።